ሰማሁህ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ሰው ጀርመን አገር በቤቱ ጓሮ ሽቦ ዘርግቶ ከትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ ጋር አገናኘ እንበል። የማሰራጫው ኃይል 0.2 ዋት ነው፤ በቤታችን ካለው ትንሹ አምፖል ጋር እንኳ አይወዳደርም። ይህ ማሰራጫ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ነገር ብቻ ይናገራል፦ መጠሪያዬ ይህ ነው፤ ያለሁት እዚህ ነው፤ ኃይሌ ይህን ያህል ነው። ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በአንታርክቲካ በረዶ ላይ፣ ኖይማየር 3 በሚባለው የጀርመን የምርምር ጣቢያ ያለ ተቀባይ ሬዲዮ መልእክቱን ይመዘግበዋል። በዚያ ጣቢያ ክረምቱን የሚያሳልፉት ዘጠኝ ያህል ሰዎች ናቸው። ለወራት መርከብ አይመጣላቸውም፤ ለሳምንታት ፀሐይ አትወጣላቸውም።

ከእነርሱ አንዱ በዚያች ደቂቃ ጆሮውን በሬዲዮው ድምፅ ማጉያ ላይ ቢለጥፍ የሚሰማው ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚመስል ሽሽታ ብቻ ነው። ቃል የለም፤ ፉጨት እንኳ የለም። ኮምፒዩተሩ ግን የሩቁን ሰው መጠሪያ፣ ቦታና ኃይል ጽፎ አስቀምጧል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያ ሰው ተሰማ ወይስ አልተሰማም?

ነገሩ የሬዲዮ ወዳጆች የጊዜ ማሳለፊያ ክርክር ይመስላል። ለእኔ ግን እንደዚያ ሆኖ አልቀረም። ጥያቄውን ስከተለው ከአንታርክቲካ ተመልሶ ወደ ወጣቶች ኅብረታችን አዳራሽ አስገባኝ፤ እዚያም በአንድ ወንድም ፊት አቆመኝ። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

ከጫጫታ በታች

አማተር ሬዲዮ ለንግድ ያልሆነ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ፈቃድ ያወጡ ሰዎች ለመማርና ለመተዋወቅ ሲሉ በራሳቸው ሬዲዮ ከዓለም ጋር ይገናኛሉ። በአገራችንም አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አምስት ኪሎ፣ ኢቲ3ኤኤ በሚል መጠሪያ የሚታወቅ የክበብ ጣቢያ ይገኛል።

ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ምቹ ባልሆነ ቦታ መሥራት ይወዳሉ። አንዱ ባትሪ ተሸክሞ ተራራ ይወጣል፤ ሌላው ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ ድንኳን ይተክላል፤ ሌላው በጀልባ ላይ ሆኖ ውቅያኖስ ያቋርጣል። በእንዲህ ያለ ቦታ ትልቅ አንቴና የለም፤ ኤሌክትሪክም በልክ ነው። ሲግናሉ ደካማ ይሆናል። ደካማ ሲግናልን የሚያነብቡ ዲጂታል ዘዴዎች ጥቅማቸው ጎልቶ የሚታየው ለእንዲህ ያለ ሰው ነው።

ከእነዚህ ዘዴዎች ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው ጆሴፍ ቴይለር የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ከተማሪው ከራስል ሀልስ ጋር በፖርቶ ሪኮ በነበረው የአረሲቦ ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሁለት ሆነው እርስ በርስ የሚዞሩ ከዋክብትን አገኘ። አንደኛው ፑልሳር ነበር፤ ማለትም እየተሽከረከረ የሬዲዮ ምት የሚልክ የሞተ ኮከብ። ለዚህም በ1993 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ቴይለር ከልጅነቱ ጀምሮ አማተር ሬዲዮ የሚወድ ሰው ነበር። ያደገው በኩዌከር ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ ኩዌከሮች በጥንቱ ልማዳቸው ለአምልኮ ሲሰበሰቡ ዝም ብለው ተቀምጠው እግዚአብሔርን የሚጠባበቁ ክርስቲያኖች ናቸው። ያ ዝምታ ይህን ሥራ ወለደው ለማለት ማስረጃ የለኝም። ዕድሜውን ሙሉ ከጫጫታ በታች ያለውን ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ግን ከዚያ ቤት መውጣቱ ያስገርመኛል።

ቴይለር እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ እነዚህን ፕሮግራሞች እየሠራ በነፃ ለሁሉ ሰጠ። ጄቲ65 የተባለው ሲግናልን ወደ ጨረቃ ልኮ የተመለሰውን ለማንበብ ረዳ፤ መንገዱ ደርሶ መልስ ከ760,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ማሚቶው የሚመለሰው ከሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ በኋላ ነው። በ2008 የወጣው፣ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የጓሮው ሰው ዘዴ፣ በእንግሊዝኛ ሲጠራ «ዊስፐር» ይባላል፤ ሹክሹክታ እንደ ማለት ነው። በ2017 ከስቲቭ ፍራንክ ጋር ያወጣው ኤፍቲ8 ደግሞ ዛሬ በአማተሮች ዘንድ እጅግ የተለመደ ሆኗል።

ታዲያ ምስጢሩ ምንድን ነው? መጮህ አይደለም።

አንደኛ፣ ሁለቱም ወገኖች በሰዓት ይስማማሉ። ኤፍቲ8 ደቂቃውን ለአራት ይከፍለዋል። በአሥራ አምስቱ ሰከንድ ውስጥ አንዱ ለ12.64 ሰከንድ ይልካል፤ ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ሰዓትህ ከሌሎቹ ሰዓት በጥቂት ሰከንድ ከዛነፈ የቱንም ያህል ኃይል ቢኖርህ የሚያነብብህ አይኖርም። ስለዚህ በደሴትና በተራራ ያሉት ሰዓታቸውን በጂፒኤስ ያስተካክላሉ።

ሁለተኛ፣ ጠባብ ቦታ ይይዛሉ። ሰው በድምፁ ሲናገር ወደ 2,500 ኸርዝ የሚጠጋ ስፋት ይፈልጋል። ኤፍቲ8 በ50 ኸርዝ ይበቃዋል፤ ዊስፐር በ6። አድማጩም ሁሉን በአንድ ጊዜ ከመስማት ይልቅ በዚያች ጠባብ መስመር ላይ ያተኩራል፤ ከጫጫታው አብዛኛው ውጭ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ጥቂት ነገር በብዙ ጥንቃቄ ይናገራሉ። የኤፍቲ8 መልእክት 77 ቢት ነው፤ ሲላክ ግን 174 ቢት ይሆናል። የተጨመሩት 97 ቢቶች አዲስ ወሬ አይነግሩም። ሥራቸው መልእክቱ በመንገድ ተጎድቶ እንደሆነ መፈተሽና የተጎዳውን መጠገን ነው። ከሚላከው ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ ጥቂቱ በደኅና እንዲደርስ የሚደረግ መልፋት ነው ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ኤፍቲ8፣ በአንድ የድምፅ ንግግር ስፋት ውስጥ ያለው ጫጫታ ከሲግናሉ መቶ ጊዜ በላይ ሲበልጥ እንኳ ማንበብ ይችላል። ጆሮ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ተስፋ ይቆርጣል።

ትልቁ ድምፅና ትንሹ ድምፅ

የሬዲዮ ነገር ሲነሣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባቶችና እናቶች ሌላ ሬዲዮ ያስታውሳሉ። በየካቲት 1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በአዲስ አበባ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያን ከፈተ። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ኃይል ባላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ወንጌሉ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ይሰማ ነበር። የአንዱ ማሰራጫ ኃይል ከጓሮው ሰው ማሰራጫ ጋር ሲነጻጸር አምስት መቶ ሺህ እጥፍ ነው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ግን የደርግ መንግሥት ጣቢያውን ወረሰው። ያው ማማ፣ ያው ማሰራጫ፣ የአብዮቱ ድምፅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ስትዘጋ አባሎቿ 5,000 ገደማ ነበሩ። አማኞቹ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየሆኑ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰዓት ጠብቀው ይገናኙ ጀመር። መንግሥት ተለውጦ በሩ ሲከፈት ቁጥራቸው 34,000 ገደማ ሆኖ ተገኘ።

ይህን የማነሣው ትልቅ ድምፅ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ጌታ በዚያ ሬዲዮ ተጠቅሟል፤ ብዙዎች በእርሱ ሰምተዋል። ትልቁን ድምፅ ግን በአንድ ቀን ትእዛዝ መውሰድ ይቻላል፤ የሹክሹክታውን መንገድ ለመውሰድ ግን አንድ ትእዛዝ አይበቃም።

ድካምን በደፈናው ማሞገስም አልፈልግም። ደካማ ድምፅ ደካማ በመሆኑ ብቻ አይደርስም። የሚደርሰው በሌላ በኩል ለማዳመጥ የደከመ ሰው ስላለ ነው። ኃይለኛ ማሰራጫ ዋጋውን ራሱ ይከፍላል፤ አድማጩ ቁልፍ ከመጫን በቀር ምንም አይጠበቅበትም። ድምፁ ደካማ ሲሆን ግን ዋጋው ወደ አድማጩ ይዞራል። ሰዓቱን ማስተካከል፣ ትኩረቱን ማጥበብ፣ ዝም ብሎ መቆየት የአድማጩ ሥራ ይሆናል። በየቤቱ ይሰበሰቡ የነበሩት አማኞችም አንዱ የሌላውን ሹክሹክታ ለመስማት ይህን ዋጋ ከፍለዋል።

ይህ ንግግር ነው ወይ?

በአማተሮች መካከል ኤፍቲ8ን የማይወዱ አሉ፤ ተቃውሟቸውም ቀላል አይደለም። «የተገናኙት ኮምፒዩተሮች ናቸው፤ ሰዎቹ ቡና እየጠጡ ነበር» ይላሉ። በድምፅ ወይም በሞርስ ሲገናኙ የሰውየው ድካም፣ ሳቅ፣ የእጁ አመል ይታወቅ ነበር። በኤፍቲ8 የሚባለው ግን ተቆጥሮ የተወሰነ ነው፦ እገሌ እባላለሁ፤ ያለሁት በዚህ አራት ማዕዘን ውስጥ ነው (አዲስ አበባ ብትሆን ኬጄ99)፤ በዚህ ጥንካሬ ተቀብዬሃለሁ፤ እኔም ተቀብያለሁ፤ ደኅና ሁን። ነፃ ቃል ልጻፍ ቢሉ የሚፈቀደው በአንድ ጊዜ አሥራ ሦስት ፊደል ነው። ምን ተነጋገሩ ታዲያ?

እኔ ግን ይህን ሳስብ የእኛ ሰላምታ ትዝ ይለኛል። ጠዋት በር ላይ ጎረቤት ስናገኝ፦ እንዴት አደሩ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደርክ? ቤተሰብ ደኅና? ልጆች ደኅና? ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አዲስ ወሬ የቱ ነው? ጥያቄውም መልሱም አስቀድሞ ይታወቃል። ሆኖም አንድ ቀን ሳንለዋወጠው ብናልፍ ጎረቤታችን «ምን በደልኩት?» ብሎ ሲያዝን ይውላል። ሰላምታ ወሬ ለመንገር የሚደረግ ሳይሆን «አለህ፤ አይቼሃለሁ፤ እኔም አለሁ» ለመባባል የሚደረግ ነው። በደሴት ላይ ያለው ሰውና በከተማ ያለው ሰው የሚለዋወጡት ይህንኑ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ባዶ አይደለም።

የሰላምታ ችግር ሌላ ነው። መልሱን አስቀድመን ስለምናውቀው፣ በእውነት የተባለውን መስማት እናቆማለን። ከክርክሩ ሁሉ ከባዱም ያለው እዚህ ላይ ነው።

የሰማኸውን አወቅህ ወይስ ያወቅኸውን ሰማህ?

በጄቲ65 በጨረቃ በኩል ይገናኙ በነበሩ አማተሮች መካከል አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ፕሮግራሙ «ጥልቅ ፍለጋ» የሚባል መንገድ ነበረው። ሲግናሉ በጣም ደክሞ በቀጥታ መነበብ ሲያቅተው፣ ፕሮግራሙ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ከተቀመጠው የታወቁ መጠሪያዎች ዝርዝር አንድ በአንድ እያወጣ «የላከው እገሌ ቢሆን ኖሮ ሲግናሉ ምን ይመስል ነበር?» እያለ ከተቀበለው ጋር ያስተያያል። የሚስማማ ካገኘ «እገሌ ነው» ብሎ ይጽፋል።

ተቃዋሚዎቹ «ይህ መስማት አይደለም። በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ስም አስቀድመህ አውቀኸዋል፤ ከጫጫታው ውስጥ ያነሣኸው የራስህን ዕውቀት ነው» አሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ «ሰውም የሚሰማው እንዲሁ ነው። በጫጫታ መካከል የወዳጅህን ድምፅ የምትለየው ስለምታውቀው አይደለምን?» ብለው መለሱ።

ሁለቱም እውነት አላቸው። እናት ከብዙ ሕፃናት ለቅሶ መካከል የልጇን የምትለየው ስለምታውቀው ነው። ዕውቀት ጆሮን ይከፍታል። ነገር ግን ያው ዕውቀት ያልተባለውን እንደተባለ አድርጎ ሊያሰማን ይችላል።

ኤፍቲ8ም ተመሳሳይ እርዳታ አለው። ከእገሌ ጋር ግንኙነት ከጀመርክ፣ ፕሮግራሙ ቀጥሎ የሚመጣው መልእክት የአንተና የእርሱ መጠሪያ ያለበት ሊሆን እንደሚችል ገምቶ ያነብባል። ይህ ግምት፣ ሳይነበብ ይቀር የነበረውን ደካማ ሲግናል ያነሣዋል። ያልተላከ መልእክት «የማንበብ» አደጋውም አብሮ ይጨምራል። ሠሪዎቹ ይህን አልደበቁም። በግምት እርዳታ የተነበበ መልእክት በመስመሩ መጨረሻ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ እርግጠኛነቱ ዝቅ ያለ ከሆነም የጥያቄ ምልክት ይጨመርበታል። ኮምፒዩተሩ «ይህን የሰማሁ ይመስለኛል፤ ግን ግማሹ ከእኔ ሊሆን ይችላል» ብሎ ይናዘዛል ማለት ነው።

በዚህ ሙያ የቆየ የታማኝነት ሕግም አለ። ለግንኙነቱ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በአየር ላይ በሬዲዮ መምጣት አለበት። የሌላውን መልስ በስልክ ጠይቀህ ወይም በኢንተርኔት አይተህ የጎደለውን ብትሞላ ግንኙነት አላደረግህም። ከዚህ በተጨማሪ ሁለቱም «ተቀብያለሁ» ሳይባባሉ ግንኙነቱ ተፈጸመ አይባልም። ተቆጣጣሪ የለም፤ የሚያይህ የለም። ብትዋሽ የሚያውቀው ኅሊናህና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን»

አሁን ወደዚያ ወንድም ልመለስ። በወጣቶች ኅብረታችን አንድ የጥናት ቡድን እመራ ነበር። ከክፍለ ሀገር ለሥራ የመጣ፣ ብቻውን ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ዝምተኛ ልጅ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። በር ላይ ትከሻ ለትከሻ ሰላም እንባባላለን። «እንዴት ነህ?» እለዋለሁ፤ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይለኛል። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። በልቤ መዝገብ ላይ «ደኅና» ብዬ እጽፍና ወደሚቀጥለው ሰው አልፋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ግን «አለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። አማርኛ የምትናገሩ ሁሉ «ደኅና ነኝ» እና «አለሁ» አንድ እንዳልሆኑ ታውቃላችሁ። እኔም አውቃለሁ። ቃሉን ጆሮዬ ተቀብሎታል፤ ዛሬም ድረስ አስታውሰዋለሁና። ልቤ ግን የለመደውን ጠብቆ ነበር፤ ስለዚህ «አለሁ»ን አርሞ «ደኅና ነኝ» አድርጎ መዘገበው። የጥያቄ ምልክት እንኳ አላደረገበትም።

ከዚያ በኋላ መምጣት አቆመ። በቡድኑ ስሙ ሲነሣ «ቀዝቅዟል፤ እንጸልይለት» አልኩ። ይህም ሁለተኛው ስሕተቴ ነበር። ሰው ከኅብረት ሲቀር የሚሆነውን አውቃለሁ ብዬ፣ እርሱ ያልላከውን መልእክት በስሙ አነበብኩ። ከሁለት ወር በኋላ አንዲት እኅት ሥራውን አጥቶ እንደነበር፣ ስልኩን ሸጦ የቤት ኪራይ እንደከፈለ፣ በቀን አንዴ እየበላ እንደሰነበተ ነገረችኝ። በዚያው ቀን ሄድኩ። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ አልተቆጣም። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት፤ እንደገናም እኔው ከሳሽ ሆኜ።

«ነግሬህ ነበር እኮ» አለኝ።

«መቼ?»

«አለሁ ብዬህ ነበር።»

ሌላ ምንም አላለም። ዛሬ ሥራ አግኝቷል፤ የሚያመልከው በሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ይቅርታ ጠይቄው ይቅር ብሎኛል። የድሮው መቀራረባችን ግን እስካሁን አልተመለሰም፤ ተመለሰ ብዬ ብጽፍላችሁም ያልተላከ መልእክት መጻፍ ይሆንብኛል።

የጥያቄ ምልክት

ከዚህ በኋላ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3ን ሳነብ ታሪኩ በሌላ መልኩ ታየኝ። ብላቴናው ሳሙኤል ድምፁን በትክክል ሰምቷል፤ ስሙ እንደተጠራም አውቋል። የተሳሳተው ማን እንደጠራው ላይ ነው። በሌሊት የሚጠራው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ዔሊ። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ፤ የጠበቀውን ሰማ። ዔሊም ቢሆን በመጀመሪያውና በሁለተኛው «ተመልሰህ ተኛ» ብሎ ሸኘው፤ እርሱም ልጁ የተሳሳተ መሰለው። ሁለቱን ያዳናቸው እግዚአብሔር መልሶ መላልሶ መጥራቱና ሽማግሌው በሦስተኛው ላይ የራሱን ግምት ለመመርመር ፈቃደኛ መሆኑ ነው። በአራተኛው ጥሪ ሳሙኤል አልሮጠም፤ ለመስማት ዝግጁ መሆኑን ብቻ ተናገረ።

በእኛ ዘመን «ጌታ ተናገረኝ» ማለት ቀላል ሆኗል። ጌታ አይናገርም የምል አይደለሁም፤ እንደሚናገር አምናለሁ። ነገር ግን ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውጭ ጉዞ፣ ስለ ሌላው ሰው ሕይወት የምንፈልገውን አስቀድመን በልባችን ይዘን እንጸልይና፣ ከጫጫታው ውስጥ ያንኑ አንሥተን «እግዚአብሔር አለኝ» እንላለን። አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም እርግጠኛ ባልሆነበት መስመር ላይ የጥያቄ ምልክት ለማድረግ ካላፈረ፣ እኛ «የሰማሁ ይመስለኛል፤ ከቃሉ ጋር እናስተያየው፤ አብራችሁኝ መርምሩልኝ» ማለት ለምን ያሳፍረናል? የጥያቄ ምልክት የእምነት ማነስ ሳይሆን እግዚአብሔር ያላለውን በእርሱ ስም ላለመናገር መፍራት ነው።

ታዲያ የመጀመሪያው ጥያቄዬ መልስ ምንድን ነው? ሰውን ሰማሁት ለማለት ሦስት ነገር ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። የተቀበልኩት ከእርሱ የመጣ እንጂ ከትዝታዬ የተቀዳ አይሁን። ካልጠበቅሁት ሌላ ነገር ሊነግረኝ የሚችልበት ቦታ ይኑረው። መልእክቱ እንደደረሰኝም ይወቅ። በዚህ መለኪያ የጓሮው ሰው ብዙ ርቀት ተሻግሮ፣ ማንነቱን አስቀድሞ ማወቅ ሳያስፈልግ፣ ተቀባይ አግኝቷል፤ የተመዘገበበትን ቦታም በካርታ ላይ ያያል። የእኔ ወንድም ግን በአንድ ክንድ ርቀት፣ በጠራ ድምፅ ተናግሮ፣ አልተሰማም።

ኮምፒዩተሩ ከእኔ ተሻለ ማለቴ ነው? በመቀበል ተሽሏል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ «አለሁ» የሚለውን በትክክል ቢያነብም ተነሥቶ በር አያንኳኳም። መቀበል የመስማት ግማሹ ነው፤ ሌላኛው ግማሽ በእግር ይሄዳል። ያን ደግሞ ጌታ ለእኛ ተወው እንጂ ለማሽን አልሰጠውም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አንዳንድ አማተሮች ዊስፐር የሚልክ በጣም ትንሽ ማሰራጫ ከትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ጋር በፊኛ አንጠልጥለው ወደ ሰማይ ይለቃሉ። ክብደቱ በግራም የሚቆጠር ነው። አንዳንዶቹ ፊኛዎች ዓለምን ይዞራሉ። ባትሪ ስለማይሸከሙ ሲመሽ ዝም ይላሉ። የለቀቃቸው ሰው ሌሊቱን ምንም አይሰማም። ግን «ጠፋ» ብሎ መዝገቡን አይዘጋም፤ ፊኛው ባለበት አገር ፀሐይ የምትወጣበትን ሰዓት አስልቶ ይጠብቃል።

በኅብረታችሁ ሰሞኑን ዝም ያለ ሰው አለ? «ቀዝቅዟል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ፈልጉት። ስታገኙትም «እንዴት ነህ?» በሉት፤ እርሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላችኋል። ያን ጊዜ ወደሚቀጥለው ሰው አትለፉ። አንድ ጊዜ ደግማችሁ «አንተስ እንዴት ነህ?» በሉትና አሥራ አምስት ሰከንድ ዝም በሉ። አሥራ አምስት ሰከንድ በሰው ፊት ዝም ብሎ መቆም ምን ያህል እንደሚረዝም ስትሞክሩት ታያላችሁ። እኔ ያን ቅዳሜ ብሞክረው ኖሮ የሚደርሰኝ ቃል ነበር።